ቤት ቤትን ሲመታ

ኤቫሪስቶ ጡረታ ወጣ፤ የዓሣ መኪናውን ሸጠ፣
በእጁ በገባው ገንዘብ፣ ጎማ ያለው ቤት ለወጠ።
አልጋው ከመሪው ጀርባ፣ ምድጃው ከአልጋው ራስ፤
ከወደቡ ተነሥተን፣ ዳገት ለዳገት ስንገሠግሥ፣
ማንኪያ ከማንኪያ ሲጋጭ፣ ድስት በድስት ላይ ሲፈርስ፣
በአራተኛው ቀን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ከብር ከተማ ደጅ ስንደርስ
መጀመሪያ ያየሁት ቀለሟን ነበር።

ሪያል ደ ሳን ኦኖፍሬ፤ ገደል ላይ የተሰቀለች፣
ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣
ልብሷን ሁሉ አጥባ በአንድ ገመድ ያሰጣች።
ስፔኖች ብር ሲቆፍሩ፣ መንገድ የቀየሱላት
ለመኪና አይደለም፤ በቅሎ እንድታልፍበት፣
ሁለት ጆንያ ብትጭን፣ ግድግዳው እንዳይነካት።
"ከፊት ዝቅተኛ ቅስት አለ" ይላል ሰሌዳው በስተቀኝ፤
"መነጽርህን አድርግ" ብለው፣ "ሠላሳ ዓመት ነዳሁ" አለኝ።

ከዚያማ ምን ይወራል።
መስተዋታችን አንዱን ግድግዳ፣ ጎናችን ሌላውን ላሰ፤
ጣራችን ከዶኛ ኤውላሊያ በረንዳ ሥር ደረሰ፤
አንድ ማሰሮ ጀራንየም፣ ከነአፈሩ ፊታችን ፈሰሰ።
ቅኔ ቆጣሪ በአጠገቡ ቢያልፍ፣ ሳይሰስት ይመሰክር ነበር፦
ቤታችን ቤት መታ።

መስኮት ሁሉ ተከፈተ።
አንዱ "ግራ!" አንዱ "ቀኝ!" አንዲቱ "ጸልዩ!" አለች፤
የዳቦ ቤቱ ልጅ በዱቄት እጁ ጎማችንን ዳበሰ፤
ዶኛ ኤውላሊያ በሌሊት ልብሷ፣ ማሰሮ ትቆጥራለች፦
"ሰባት ነበሩ። ስድስት። ሰባት ነበሩ።"

ከመጠጥ ቤቱ በኩል ሳል ተሰማ፤
ሳሉ ቀድሞ መጣ፣ ሽማግሌው ተከተለው።
ዶን ፕላሲዶ ነው፤
ዐርባ አንድ ዓመት ቀኑን ከመሬት በታች ያዋለው።
"ሞተሩን አጥፉ" አለ። መንደሩ ሁሉ ዝም አለ።
በጣቱ አጥንት ግድግዳውን ኳ፣ ኳ አደረገና ጆሮውን ጣለ፣
የጉድጓድ ጣራ ሊናድ ሲል፣ ዓለቱን እንደሚጠይቀው፦
"ይሄኛው ይችላል። ያኛው ደክሞታል፣ እንዳትነኩት።
ጎማውን በግማሽ አስተንፍሱት።
አንተ ደግሞ እጄን እንጂ መስተዋቱን አትይ።"
የሠላሳ ዓመቱ ሾፌር፣ እንደ ተማሪ ታዘዘ፤
በስንዝር፣ በስንዝር፣
ሃያ ክንድ መንገድ ለመመለስ፣ ሌሊቱ ተጋመሰ።

ሾርባ አሞቅሁለት። አልጋችን ጫፍ ተቀመጠ፣
ዝቅ ያለውን ጣራችንን አየና
"ይሄስ ሰፊ ነው" አለ።
"ለመሆኑ ብሩስ?" ስል ጠየቅሁት።
እጁን ወደ ጨለማው በተን አደረገና
"ብር አለ" አለኝ።
መኖሩን ይሁን መብረሩን፣ ደግሜ አልጠየቅሁም፤
መሠዊያው ላይ የቀረውን፣ ባሕር የተሻገረውን
እሱ አልቆጠረልኝም። ደረቱን ብቻ ነካ፣
የራሱ ድርሻ እዚያ እንዳለ፣
ስሎ ስሎ እንዳልወጣለት።

"አምስት መቶ ሜትር ወርጃለሁ፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም።
ወለሉ ምን ያህል ይርቃል?"
ኤቫሪስቶ ራሱን አከከ፦
"እኔ የማውቀው ላዩን ነው፤ ዓሣውንም የገዛሁት በኪሎ።"
ሽማግሌው ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤
ሳሉ እስኪያልፍ፣ ማንኪያችንን ይዘን ጠበቅን።
እስኪያልፍ ረጅም ነው።

ሲነጋ ለማሰሮዋ ልከፍል ዶኛ ኤውላሊያ ዘንድ ሄድኩ።
ገንዘቡን ገፋችው።
ከወደቀው ጀራንየም አንድ ቅርንጫፍ ቆርጣ፣
በባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ተክላ ሰጠችኝ፤
"ይሄን አብዝታችሁ አታጠጡት፤ የዚህ አገር ተክል ጥም ያውቃል።"
አሁን ከመሪው አጠገብ ተቀምጦ
በየጠመዝማዛው ራሱን ይነቀንቃል።

ጣራችን ላይ ሮዝ ቀለም ቀርቷል፣ አንድ ክንድ የሚሆን ጭረት።
"ይቀባ" ብለው፣ "ተይው" ይለኛል።
ነዳጅ ማደያ በቆምን ቁጥር፣ "ምን መታችሁ?" ሲሉት
ኤቫሪስቶ መነጽሩን አውልቆ እየወለወለ
"በቅሎ" ይላል፤
"መንገድ አልለቀቅሁላትም ነበር።"